ደራሲ ለመሆን ዲግሪ የግድ ነው እንዴ?

ቆጣሪ አንባቢው | ማክሰኞ ማታ 3፡10
ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ሳነባችሁ ከረምኩ። ዛሬ ግን ሆዴ ውስጥ የገባ ነገር ስላለ ልተንፍሰው።

ሥራዬ የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ የቧንቧ ሙያ ሌቭል ሁለት ወስጃለሁ። ሌላ ወረቀት የለኝም። ማታ ማታ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ሦስት ዓመት የፈጀ 214 ገጽ ረቂቅ አለኝ። ዛሬ ከሥራ አስፈቅጄ አንድ አሳታሚ ጋ ይዤው ሄድኩ። ስሙ ይቅር። የተቀበለኝ ሰውዬ አንድ ገጽ ሳይገልጥ «በምንድን ነው የተመረቅከው?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። ፈገግ አለና «ጎበዝ ነህ። ግን መጀመሪያ ተማር። ሥነ ጽሑፍ እኮ ሙያ ነው» ብሎ ረቂቁን መለሰልኝ። በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ። ቢወረውርልኝ ይሻለኝ ነበር።

ዕድሜዬ 29 ነው። የማታ ክፍል ሥነ ጽሑፍ ልመዝገብ? ወይስ ያንን ጊዜ ልጻፍበት? የደመወዜን ነገር አታንሱብኝ፣ እሱን አውቀዋለሁ። የቀመሳችሁ ብቻ ንገሩኝ።

ሰባራ ብዕር | 3፡22
ሐዲስ ዓለማየሁ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው ልብ ወለድ የተማሩት? በቃ፣ መልሱ ይኸው። ጻፍ ወንድሜ።

ፊደል ቆጠራ | 3፡25
እደግፋለሁ። ዲግሪ ለቢሮ ነው።

ጡረተኛው መምህር | 3፡51
ሰባራ ብዕር፣ ይቺን ነገር ሁልጊዜ ትሏታላችሁ። ግማሽ እውነት ናት። ፍቅር እስከ መቃብር የተጻፈው በዲግሪ አይደለም፤ የክብር ዶክትሬቱም የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። «ሳይማሩ ጻፉ» ለማለት ከሆነ ግን ተሳስታችኋል።

ሰውዬው ጎጃም ውስጥ የቤተ ክህነት ትምህርት ከነቅኔው ተምረዋል። ከዚያ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ። አስተማሩ። ጦርነት መጣ፣ ዘመቱ። ጣልያን ማርኮ ወስዶ ደሴት ላይ አሰራቸው፣ ለዓመታት። ከዚያ ዲፕሎማት ሆኑ፦ ኢየሩሳሌም፣ አሜሪካ፣ እንግሊዝ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ሃምሳን ዘለው ነበር። ይሄ ትምህርት ካልሆነ ምንድን ነው? የጉዱ ካሣ አንደበት ከሰማይ የወረደ ይመስላችኋል?

ልጄ ቆጣሪ አንባቢው፣ ሰውዬው ያደረገብህ ነውር ነው። ግን ያናደደህን ሰው ለማሸነፍ ብለህ ትምህርትን አትጥላ። እኔ 34 ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። ማንበብን የሚጠላ ደራሲ ነኝ ባይ ብዙ አይቻለሁ።

ሰባራ ብዕር | 3፡58
መምህር፣ ይቅርታ፣ እኔ ያልኩት ዲግሪ እንጂ ትምህርት አይደለም። አንድ አይደሉም።

ጡረተኛው መምህር | 4፡01
እሱንስ ተስማማን። መጀመሪያ እንደዚያ አትልም ነበር?

ጀርባ ሽፋን | 4፡15
እስቲ የደራሲዎቻችንን የትምህርት ማስረጃ እንየው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፦ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ጸሐፊ። ጣልያን የሄዱት ሥዕል ሊማሩ ነው። ሥዕል! መጽሐፋቸው በ1900 ዓ.ም. ሮም ታተመ። «ልብ ወለድ» የምንለው ቃል ራሱ ከዚያ መጽሐፍ ርዕስ የተረፈን ነው። በዓሉ ግርማ፦ ፖለቲካል ሳይንስና ጋዜጠኝነት፣ ማስተርሱን አሜሪካ። አዳም ረታ፦ ጂኦግራፊ። በዕውቀቱ ሥዩም፦ ሳይኮሎጂ። የ«እመጓ» ደራሲ ዓለማየሁ ዋሴ፦ የደን ተመራማሪ፣ ዶክተር። እንግዲህ ዛፍ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው ያን ሁሉ አንባቢ መንገድ ያስወጣው።

ሁሉም ተምረዋል። ልብ ወለድ ግን ማንም አላስተማራቸውም። የሥነ ጽሑፍ ዲግሪ ይዞ አሪፍ ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ካወቃችሁ አምጡልኝ።

ንግርና ምልሰት | 4፡40
ዳኛቸው ወርቁስ? ረሳኸው?

አዮዋ ሄዶ የፈጠራ ጽሑፍ የተማረ ሰው ነው። አደፍርስን የጻፈ። በእንግሊዝኛም ልብ ወለድ አሳትሟል። ያ ሳይበቃው ለጀማሪ ብሎ የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ ጻፈ። የሚገርመው ደግሞ አደፍርስን አንብቦ መጨረስ ያቃተው ሰው ሁሉ «ይሄ በጣም የተማረ ሰው ነው» ይላል። እንደ ስድብ!

ስለ ራሴ ልናገር፣ የሥነ ጽሑፍ ምሩቅ ነኝ። የት እንደሆነ አልጠራም። ቆጣሪ አንባቢው እውነቱን እንዲያውቅ ነው የምጽፈው። ተመዝግቤ ስገባ ደራሲ ሆኜ የምወጣ መስሎኝ ነበር። በስንት ዓመት ቆይታዬ ስንት ልብ ወለድ እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ? አንድ አጭር ልብ ወለድ፣ ስምንት ገጽ። ከ20 የታሰበ፣ 14 አገኘሁ። ህዳጉ ላይ «መቼቱ አልጠራም» (ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ ማለት ነው) የሚል በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። ሌላ ምንም የለም። መቼቱ ለምን እንዳልጠራ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የተማርነው ሌላ ነገር ነው። የሰው ሥራ እየበለቱ ማየት። ጭብጡ ምንድን ነው፣ አንጻሩ ማን ነው፣ ንግሩ የት ገጽ ላይ ነው፣ ልብ ሰቀላው ሠራ አልሠራ። ፎክሎር። ንድፈ ሐሳብ። ሐኪም አስከሬን ከፍቶ እንደሚማረው ማለት ነው። ጥሩ ነው። ግን አስከሬን ከፍተህ ልጅ መውለድ አትማርም።

ሆኖም አልቆጭም። ለምን? በግድ ስለተነበበ። ፈተና ባይኖርብኝ ኖሮ የማላነባቸው 40 የሚሆኑ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። ዛሬ ስጽፍ የሚረዳኝ እሱ ነው። ማስታወሻው ጠፍቶኛል።

ፊደል ቆጠራ | 4፡44
40 መጽሐፍ ለማንበብ ዲግሪ? ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት ገብተህ በነጻ ታነባለህ እኮ።

ንግርና ምልሰት | 4፡46
ታነባለህ? አንተ ራስህ ስንቱን አነበብክ? (ገብተሽ በይ፣ ሴት ነኝ።)

ፊደል ቆጠራ | 4፡47
...ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ዝም ብያለሁ።

ያላስመሰከረ | ረቡዕ ጠዋት 12፡35
ሌሊት አምልጦኛል። መምህር ስለ ቅኔ ስላነሱ ስለ ቅኔ ቤት የማውቀውን ልጨምር። ሦስት ዓመት ከየኔታ እግር ሥር ነበርኩ። ሳላስመሰክር (ሳልመረቅ እንደማለት ነው) ወጣሁ፣ ስሜ ከዚያ ነው። አሁን መጋዘን ጠባቂ ነኝ።

ቅኔ ቤት ጀማሪው በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሁለት ቤት ብቻ ናት። ሁለት ስንኝ ምን ይከብዳል ትላላችሁ። እኔ የመጀመሪያዋን ለመቁጠር (ቅኔ መፍጠርን «መቁጠር» ነው የምንለው) ሳምንት ፈጅቶብኛል። አስታውሳለሁ፣ ቁራሽ ለምኜ ስመለስ አኩፋዳዬን እንዳነገትኩ ዋርካ ሥር ተቀምጬ እያጉረመረምኩ መሸብኝ። ውሻ ነክሶኝ ሁሉ አልታወቀኝም። ማታ የኔታ ፊት ቀርቤ አሰማሁ። ዝም አሉ። ከዚያ «ሰሙ አለ። ወርቁን ውሻው በላው?» አሉኝ። ጓደኞቼ ሳቁ። እግሬ ይደማ ነበር ለካ።

ዋናው ነገር፣ ትናንት የቆጠርከውን ዛሬ አትደግምም። በየቀኑ አዲስ። በየቀኑ ሰው ፊት። ጉድለቱን ወዲያው ይነግሩሃል። ካማረ ደግሞ «ይበል!» ይሉሃል። ከጉባኤ ቃና እያልክ እስከ መወድስ ትወጣለህ፣ ስምንት ቤት። እንግዲህ ይሄ የጽሑፍ ትምህርት ቤት ካልሆነ ምን ትምህርት ቤት አለ?

አሁን ወደ ቆጣሪ አንባቢው ልምጣ። እኛም ጋ ወረቀት ይጠየቃል፣ በሌላ መልኩ። አንድ እንግዳ የቅኔ ተማሪ ደብር ሲደርስ መጀመሪያ «የማን ተማሪ ነህ?» ነው የሚባለው። እና «የእገሌ» ትላለህ። እንደ ዲግሪ ማለት ነው። ግን ወዲያው ሁለተኛው ይከተላል፦ «እስቲ አሰማን።» ታላቅ መምህር ጠርተህ ቅኔህ ከተሰበረ ያንተም የመምህርህም ስም አፈር ነው። ማንም የማያውቀውን መምህር ጠርተህ ቅኔህ ካማረ «ይበል» ነው።

ያ ሰውዬ የመጀመሪያውን ጠየቀህ። ሁለተኛውን ግን ዘለለው።

ሰባራ ብዕር | 12፡50
ይበል!

ጡረተኛው መምህር | 1፡05
ይበል! «ወርቁን ውሻው በላው» የምትለዋን ሰርቄያለሁ፣ ይቅር በለኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ረቡዕ ከሰዓት 9፡20
እዚህ አሜሪካ ያለውን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው «ፈረንጅ ጋ ልብ ወለድ በዲግሪ ይማራሉ» ሲል እሰማለሁና። እውነት ነው፣ በማስተርስ ደረጃ የፈጠራ ጽሑፍ ይሰጣል። ከኛ ልጆች ዲናው መንግሥቱ ኮሎምቢያ ተምሯል፣ መዓዛ መንግስቴ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ። ሁለቱም አዲስ አበባ ተወልደው እዚህ ያደጉ፣ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ። የመዓዛ ልብ ወለድ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻዎቹ ስድስት ውስጥ ገብቶ ነበር። ዲግሪው ነው እንዲህ ያደረጋቸው? አይመስለኝም። ግን አልጎዳቸውም። እዚህ አገር ደግሞ ዲግሪው በር ይከፍታል፤ መምህሩ የደራሲ ወኪል ያውቃል፣ ወኪሉ አሳታሚ ያውቃል። የአማርኛ መጽሐፍ ገበያ እንደዚያ አይሠራም። ስለዚህ ከዚህ አገር ምክር ስትቀዱ ተጠንቀቁ። ብድሩም አለ፤ ዕድለኛው ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኛል፣ ያላገኘው ሲከፍል ይኖራል።

እኔ ዲግሪውን አልተማርኩም። የሕሙማን ረዳት ነኝ። ሰፈር ያለ ኮሌጅ ውስጥ የአሥር ሳምንት የማታ ኮርስ ብቻ ወሰድኩ። አሥራ ሁለት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። ያንቺን ጽሑፍ ሁሉም ቤታቸው አንብበውት መጥተዋል። ከዚያ ያወሩበታል። አንቺ መናገር አይፈቀድልሽም! ሕጉ ነው። «እዚህ ጋ ሰለቸኝ» ይላል አንዱ። «ይቺ እናት ለምን እንዳለቀሰች አልገባኝም» ትላለች ሌላዋ። ልታስረጂ አፍሽን ትከፍቺያለሽ፣ መምህሯ በእጇ ዝም ታሰኝሻለች። አንባቢ ቤቱ ሆኖ ሲያነብ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አታስረጂውማ። የመጀመሪያ ቀን መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ገባኝ።

ያላስመሰከረ የጻፈውን ሳነብ «ውይ፣ ያው ነው እኮ» አልኩ። የኔታ ፊት ማሰማት ማለት ነው። እኛ ግን መጽሐፍ ሲመረቅ እንጂ ሲጻፍ አንሰበሰብም። ምርቃት ላይ ሁሉም ያሞግሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ማንም አላነበበውም።

ጀርባ ሽፋን | 9፡31
«ማንም አላነበበውም» ሃሃሃ። አቅራቢው ጭምር።

ቀለም ያለቀበት | 9፡55
ሁለት መጽሐፍ በራሴ ገንዘብ አሳትሜያለሁ። ስለዚህ ከገንዘቡ በኩል ልናገር። ወንድሜ፣ የዲግሪው ጥያቄ ሰበብ ሊሆን ይችላል። የወረቀት ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃለህ። አሳታሚ ማንም በማያውቀው ስም ላይ ገንዘቡን አይጥልም። «አላሳትምህም» ከማለት «ተማር» ማለት ይቀለዋል።

ማተሚያ ቤት ግን ዲግሪ ጠይቆኝ አያውቅም። ቅድሚያ ክፍያ እንጂ! እሱን ካስያዝክ የአንደኛ ክፍል ተማሪም ብትሆን ያትምልሃል። ችግሩ ያ ነው፣ ያትምልሃል። የመጀመሪያ መጽሐፌን ማንም ሳያርመው አሳተምኩ። 1000 ኮፒ። አከፋፋዩ ድርሻውን ቆረጠ፣ የቀረው አልጋዬ ሥር ገባ። አንድ ቀን ለገሃር አካባቢ መጽሐፍ እስከ አገጩ ደርድሮ የሚያዞር ልጅ አየሁ። ከታች ሦስተኛው የኔ ነው። ደስ ብሎኝ ማንነቴን ሳልናገር «ይሄ እንዴት ነው?» አልኩት። «እሱን ተወው ጋሼ፣ ሚዛን እንዲጠብቅልኝ ነው» አለኝ።

ጋሼ ያለኝም አናዶኛል። ያኔ 31 ዓመቴ ነበር።

ለሁለተኛው መጽሐፍ አርታኢ ቀጠርኩ። ከኅትመቱ ወጪ ቀንሼ። ወደ ኋላ መለስ ብዬ ሳስበው ከዲግሪም ከሽፋንም የጠቀመኝ እሱ ነው።

ከሪያድ | ረቡዕ ሌሊት 6፡40
እኔም ልጠይቅ? ሰው ቤት ነው የምሠራው። ስምንተኛ ክፍል ነኝ። የማዳም ልጆች ከተኙ በኋላ በስልኬ ታሪክ እጽፋለሁ፣ ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል እለቃለሁ። ሰው «ቀጣዩን ክፍል ልቀቂ» እያለ ሲለምነኝ ድካሜ ይጠፋል። ግን አስተያየታቸው ሁሉ «ዋው»፣ «አንጀቴን በላሽው»፣ «ቀጣይ» ነው። አንድ ሰው ደግሞ ታሪኬን ወስዶ በራሱ ስም ለቆት አየሁ። እሱ ዲግሪ አለው አሉ። ለእንደኔ ዓይነቷ ማን ነው «እዚህ ጋ ሰለቸኝ» የሚላት?

ንግርና ምልሰት | 6፡52
እህቴ፣ እኔ እልሻለሁ። በውስጥ መስመር አንድ ክፍል ላኪልኝ። የሰረቀሽን ሰው ደግሞ እርሺው። አንቺ ቀጣዩን ክፍል ታውቂያለሽ፣ እሱ አያውቅም።

ከሪያድ | 6፡53
ሳቄ መጣ። እውነትሽን ነው፣ ክፍል 9 ላይ ቆሟል።

ቀዩ እስክሪብቶ | ሐሙስ ጠዋት 3፡05
በአርታኢነት ነው የምተዳደረው። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁሉም ስለ ዲግሪ ያወራል፣ ልጁ የጻፈውን ያየ ሰው ግን የለም። ያንን ሰውዬ እንወቅሳለን፣ እኛም ያው ነን። ቆጣሪ አንባቢው፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ እዚህ ለጥፈው። እንዳለ፣ ሳትነካካው። እስቲ አሰማን።

ቆጣሪ አንባቢው | 7፡15
ምሳ ሰዓት ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምለጥፈው፦

«ወርቃማዋ ፀሐይ ከምሥራቅ አድማስ ብቅ ብላ ጨረሯን በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ በፈነጠቀችበት በዚያ ውብ ማለዳ፣ ሰሎሞን በልቡ ውስጥ የሚንተከተከውን በቃላት ሊገለጽ የማይችል ጥልቅ ሀዘን ተሸክሞ፣ የሕይወትን ውጣ ውረድ እያሰላሰለ፣ ድንጋያማውን ቁልቁለት በዝግታ ይወርድ ጀመር። የወይዘሮ አበበች ግቢ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። የሴትዮዋ ቆጣሪ አምስት ወር ሙሉ አንድም ቁጥር አልጨመረም ነበር።»

ቀዩ እስክሪብቶ | 7፡40
እሺ። አትከፋ።

ፀሐይዋን አውጣት። በየረቂቁ የምትወጣ ፀሐይ ናት፣ በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስተኛዬ ነች። ሀዘኑ ይንተከተካል ብለሃል፤ የሚንተከተክ ሽሮ ነው። «በቃላት ሊገለጽ የማይችል» ካልክ ደራሲው አንተ ነህ፣ ማን እንዲገልጸው ፈልገህ ነው? ደግሞ ሰሎሞንን ገና አላወቅሁትም። ሳላውቀው ሀዘኑን አታሸክመኝ።

መጨረሻዋ ላይ ግን ቀና አልኩ። አምስት ወር አንድም ቁጥር ያልጨመረ ቆጣሪ! ሴትዮዋ ውሃ አትጠጣም? አታጥብም? መጽሐፍህ የሚጀምረው እዚያ ነው። አሁን ልጠይቅህ፣ እንደ ደራሲ ሳይሆን እንደ ሥራህ መልስልኝ። አንድ ቤት ስትደርስ እጅህ መጀመሪያ ምን ይነካል?

ቆጣሪ አንባቢው | ሐሙስ ማታ 1፡30
ድንጋይ።

ቆጣሪው ብዙ ጊዜ በር አጠገብ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ላዩ ላይ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ። ድንጋዩን አነሣለሁ፣ ቆርቆሮውን እገልጣለሁ። በረሮ ይወጣል። መስታወቱ ጭቃ ስለሚይዝ በአውራ ጣት ይጠረጋል። መሃሏ ላይ ትንሽ ቀይ መዘውር አለች፣ ውሃ እያለፈ ከሆነ ትዞራለች። ሁሉ ቧንቧ ተዘግቶ እሷ ከዞረች የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ወይ ቆጣሪው ተበላሽቷል፣ ወይ ሰው የለም፣ ወይ ሌላ ነገር አለ። የግቢውን ሰው ፊት አያለሁ። ሳይጠይቁኝ ማስረዳት ከጀመሩ ሌላ ነገር አለ።

አንድ የማውቃቸው እናት ነበሩ፣ ቁጥራቸው ለወራት አልንቀሳቀስ አለ። ተበላሽቷል ብዬ ልጽፍ ስል በረንዳቸው ላይ በጣሳ የተተከለ ጤና አዳም አየሁ። ውሃ ያንጠባጥባል። አሁን ነው የተጠጣው።

ቀዩ እስክሪብቶ | 1፡34
ይሄ ረቂቁ ውስጥ አለ?

ቆጣሪ አንባቢው | 1፡36
የለም። ተራ ነገር መስሎኝ። ሥነ ጽሑፍ እንዲመስል ብዬ ነው ፀሐይዋን ያስገባሁት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ | 1፡50
አምላኬ። ጤና አዳሙ።

ጡረተኛው መምህር | 2፡10
ልጄ፣ አንድ ጨካኝ ነገር ልበልህ፣ አባትህ እሆናለሁና። ያ ሰውዬ ገጹን ቢገልጠው ኖሮ ምን ያገኝ ነበር? ፀሐይዋን። ያኔም ይመልስልህ ነበር። አለመግለጡ ጥፋት ነው፤ ቢገልጠውም ግን አሁን እጅህ ላይ ያለውን መጽሐፍ አያገኘውም ነበር።

ያቺን ፀሐይ ማን እንዳስተማረህም አውቃለሁ። እኛ ነን። «ስለ ማለዳ ድርሰት ጻፉ» ስንል ወርቃማ ጨረር ላመጣ ልጅ አሥር ከአሥር እንሰጥ ነበር። ስንቱን በቀይ አርሜ ስንቱን ፀሐይ እንዳሳለፍኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

ሰባራ ብዕር | 2፡14
እንግዲህ ሌላ አራት ዓመት ቢማር ኖሮ አራት ፀሐይ ይጨምር ነበር ማለት ነው። እኔ አሸነፍኩ።

ንግርና ምልሰት | 2፡20
አላሸነፍክም። ጥሩ መምህር ቢያጋጥመው ኖሮ ፀሐይዋ በመጀመሪያው ወር ትወጣ ነበር። እሱ ሦስት ዓመት ብቻውን ተሸክሟታል።

ሰባራ ብዕር | 2፡21
ጥሩ መምህር ቢያጋጥመው። «ቢ»ዋን አየሻት?

ያላስመሰከረ | 2፡30
አትጨቃጨቁ። እኔና ጀርባ ሽፋን በውስጥ ተነጋግረን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት አራት ኪሎ፣ ማኪያቶ የምንጠጣበት ቦታ አለ። ማንም አምስት ገጽ ኮፒ አድርጎ ይምጣ። በሲልቨር ስፕሪንጓ ሕግ፦ የጻፈው ሰው ዝም ይላል። የማኪያቶ ሂሳብ በየራሱ። ውጭ ያላችሁ በስልክ ትገባላችሁ። ከሪያድ፣ ማታ ካልሆነ አይመችሽም አይደል? ድምፅ ቀድተን እንልክልሻለን።

ከሪያድ | 6፡15
እኔም በድምፅ አንብቤ እልካለሁ። ክፍል 10ን፣ ያልሰረቁትን።

ቀለም ያለቀበት | 6፡20
እመጣለሁ። ከመጀመሪያው መጽሐፌ ለሁላችሁም አንድ አንድ ኮፒ አመጣላችኋለሁ፣ በነጻ። እምቢ ማለት አይቻልም።

ቆጣሪ አንባቢው | ዓርብ ማታ 4፡45
የማታ ክፍሉን ነገር ገና አልወሰንኩም። ንግርና ምልሰት ያልሽውን የ40 መጽሐፍ ዝርዝር ከላክሽልኝ እሱን ጨርሼ አስብበታለሁ። ለጊዜው ይቺን ጻፍኳት፦

«የወይዘሮ አበበች ቆጣሪ አምስት ወር አልቆጠረም። ሰሎሞን ድንጋዩን አንሥቶ ቆርቆሮውን ገለጠ። መስታወቱን በአውራ ጣቱ ጠረገ። 417። ያው። ቀይዋ መዘውር ቆማለች። ተበላሽቷል ብሎ ሊጽፍ ደብተሩን ሲያወጣ አንድ ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ወደቀች። ቀና አለ። በረንዳው ጫፍ ላይ በጣሳ የተተከለው ጤና አዳም ያንጠባጥባል። ‹ቡናው ደርሷል፣ ግባ› አሉት ከውስጥ፣ ማን እንደመጣ ሳያዩ።»

ያላስመሰከረ | 4፡50
ይበል!

ከሪያድ | 4፡51
ውሃውን ከየት አመጡት??? ቀጣይ!

ጡረተኛው መምህር | 5፡02
«ሳያዩ» የምትለዋ ጥሩ ናት። እየጠበቁት ነበር ማለት ነው።

ቀዩ እስክሪብቶ | 5፡10
እዚህ ጋ አልሰለቸኝም። አሁን የቀረውን 213 ገጽ እንዲህ ማድረግ ነው። ለመሆኑ ያቺ ፀሐይ ስንት ቦታ አለች?

ቆጣሪ አንባቢው | 5፡38
ቁጭ ብዬ ቆጠርኳት፣ ሙያዬ አይደል? 31 ጊዜ ወጥታለች። የጠለቀችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።